ማን ያስተምረው? የሸዋ አባቶች፣ የካቶሊክ መምህራንና የልጅ ትምህርት ምርጫ



የዛሬው ንግግሬ የተጸነሰው በቤተ መዛግብት አይደለም፤ በገዛ ቤቴ፣ ቡና እየተፈላ ሳለ ነው። በ2016 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጄ የ8ኛ ክፍልን ክልላዊ ፈተና ልትፈተን ጥቂት ወራት ሲቀሯት፣ ቤተሰባችን አንድ ጥያቄ ላይ ተቀመጠ። 9ኛ ክፍልን እዚሁ ደብረ ብርሃን ትቀጥል? ወይስ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ ሆና፣ ሰው «ሲስተሮች ጋ» በሚለው የካቶሊክ ትምህርት ቤት ትማር? በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ሀገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተነገረ ገና መንፈቅ ቢሆነው ነው። ወላጅ ሁሉ ደንግጦ ነበር፤ እኔም መምህር ነኝ ብዬ ከድንጋጤው አላመለጥሁም።

ባለቤቴ ሥርዓቱንና የመምህራኑን ትጋት አንሥታ ትሂድ አለች። የአንኮበር ተወላጅ የሆነችው እናቴ ግን ሲኒዋን አስቀመጠችና «ደግሞ ለጣልያን ሃይማኖት ልትሰጧት ነው?» አለች። የነፍስ አባታችን ነገሩን ሰምተው ዝም ብለው ቆዩና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ ትምህርቱን ልትቀበልላት ነው ወይስ ልጅቱን ልትሰጣቸው?»

ለዚህ ጥያቄ በዚያ ቀን መልስ አልነበረኝም። የታሪክ ሰው ነኝና መልስ ሲጠፋኝ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ያገኘሁትም ይህን ነው፦ አባ የጠየቁኝ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በዚሁ በሸዋ ደጋ፣ በአንኮበርና በልቼ፣ ከዚያም ከሸዋ በወጡ ሰዎች እጅ በሐረርና በአዲስ አበባ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠየቅና ሲመለስ የኖረ ጥያቄ ነው። ዛሬ የማቀርብላችሁ የዚያን መልስ ታሪክ ነው። ከውጭ ምንጮች ጋር ለማስተያየት እንዲያመች ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እሰጣለሁ፤ የእኛን ስጠቅስ «ዓ.ም.» እላለሁ።

1. ፍርሃቱ ከየት መጣ?

በመጀመሪያ የእናቴን ፍርሃት በቁም ነገር መውሰድ ይገባናል። ተማርን የምንል ሰዎች እንዲህ ያለውን ንግግር «ያለማወቅ ነው» ብለን ማለፍ ይቀናናል። ፍርሃቱ ግን ማስታወስ እንጂ አለማወቅ አይደለም።

በ1603 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በማግስቱ ዓመት ከዐፄ ዘድንግል ፊት ሲቀርብ ከእርሱ ዘንድ የተማሩ ልጆችን ይዞ ነበር፤ ልጆቹም የተማሩትን በንጉሡ ፊት አሰሙ። እንግዲህ የካቶሊክ ትምህርት በቤተ መንግሥታችን ሲሰማ አንዱ መንገድ የልጅ አንደበት ነበር። ትምህርት ቤቱና ስብከቱ ገና አልተለያዩም። ቀጥሎ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ ሀገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ደማች፤ በ1632 ንጉሡ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ሥልጣኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከሀገር አስወጡ።

ሁለተኛው ትዝታ ቅርብ ነው፤ ለእኛም የደጃችን ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት እንዲረሸኑ አዘዘ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ለሮም ባስተላለፈው መልእክት ደግሞ 129 የገዳሙ ዲያቆናት መረሸናቸውን አስታወቀ። እነዚህ ዲያቆናት የተገደሉት ደብረ ብርሃን አጠገብ ነው። በእኛ ሥርዓት ዲያቆን ማለት አብዛኛውን ጊዜ ገና የሚማር ልጅ ማለት እንደሆነ አትዘንጉ። ግድያውን ያዘዘው የፋሺስት መንግሥት ነው፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ሒሳብና ፊዚክስ የሚያስተምሩ ሲስተሮች በዚህ የሚጠየቁበት አንዳች ምክንያት የለም። ነገር ግን ያንን ወሬ እየሰማች ላደገች የአንኮበር ሴት «ጣልያን»፣ «ካቶሊክ»ና «የተማሪ ልጅ ሞት» በአንድ ትዝታ ውስጥ መታሰራቸው ሊገርመን አይገባም።

2. አንኮበር፦ እጅን እንጂ ልብን አይደለም

ይህ ፍርሃት ሸዋን በሩን እንዲዘጋ አድርጎታልን? አላደረገውም። ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር፣ አንጎለላና ደብረ ብርሃን እየተመላለሱ ሲቀመጡ የውጭ ሰው ከደጃቸው ጠፍቶ አያውቅም። በ1839 የእንግሊዝ የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር የላካቸው ጀርመናውያን ኢሰንበርግና ክራፕፍ አንኮበር ገቡ። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር መጣ፤ በ1841 ሻምበል ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክት ይዞ ደርሶ በኅዳር ወር የወዳጅነት ውል ተፈረመ።

ኢሰንበርግና ክራፕፍ ፕሮቴስታንቶች ናቸው፤ የንጉሡ አቋም ግን ለኋላው ታሪክ መሠረት ስለሆነ እጠቅሳቸዋለሁ። እነርሱ የፈለጉት ልጆችን ሰብስቦ ማስተማር ነበር። ንጉሡ የፈለጉት ደግሞ ሐኪም፣ ግንበኛ፣ አንጥረኛ፣ መሣሪያ የሚጠግን ሰው ነው። እንግዳውን ያከብራሉ፣ ያበላሉ፣ ሙያውን ይጠይቃሉ፤ የሃይማኖት መምህር ግን በሀገሬ ሞልቷል ባይ ናቸው። ክራፕፍ በ1842 ከሸዋ ወጣ፤ ተመልሶ መግባትም አልሆነለትም። የአንኮበርን መርሕ በአጭሩ ብናስቀምጠው፦ ከፈረንጅ የእጁን ሥራ ውሰድ፣ ልብህን ግን አትስጥ።

መርሑ ብልኅ ነው፤ ጉድለትም አለበት። ጠመንጃ የሚጠግን ሰው አምጥተህ፣ ጠመንጃ የመጠገኑን ዕውቀት ለልጅህ የምታወርስበትን ቤት ካልሠራህ፣ ነገም እንግዳውን ትጠብቃለህ።

3. ልቼ፦ አንድ ስፍራ፣ ሁለት ውሳኔ

ከዚህች ከተማ ብዙ የማይርቀው ልቼ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ የንጉሥ ምኒልክ መቀመጫ ነበር። በ1868 ጣልያናዊው ካፑቺን ጳጳስ ጉሊዬልሞ ማስያስ፣ የሸዋ ሰው «አባ ማስያስ» የሚላቸው፣ እዚያ ከንጉሡ ጋር ተገናኙ። ማስያስ ቀድሞ በኦሮሞ አገሮችና በካፋ የሠሩ ናቸው፤ የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው መጽሐፋቸው ባለፈው ዓመት፣ በ1867፣ ፓሪስ ታትሞላቸዋል። ወደ ካፋ ለመመለስ ነበር ሐሳባቸው፤ ምኒልክ ግን አለቀቋቸውም። አማካሪ አደረጓቸው፣ ከአውሮፓ ጋር መላላኪያ አደረጓቸው፣ በፊንፊኔ ብርብርሳ ላይ የሚሠሩበት ቦታ ሰጧቸው። ሕዝቡ ያወቃቸው ደግሞ ከስብከታቸው ይልቅ በፈንጣጣ ክትባታቸው ነው።

በ1876 የጣልያን የጂኦግራፊ ማኅበር ልዑካን በማርኬዝ አንቲኖሪ መሪነት ሸዋ ሲደርሱም በመካከል ሆነው የረዱ ማስያስ ነበሩ፤ ምኒልክም ለልዑካኑ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያን ሰጡ።

ይሁን እንጂ ያው ልቼ በ1878 ሌላ ውሳኔ አየ። ምኒልክ ለዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሲገብሩ በልቼ ከተደረገው ስምምነት አንዱ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ከሸዋ እንዲወጡ የሚል ነበር። በዚያው ዓመት በቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ ተደረገ፤ በ1879 ማስያስ ሸዋን ለቀቁ። እንግዳውን ያስቀመጠው ደጅ እንግዳውን ሸኘ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ምኒልክ ማስያስን ለ11 ዓመታት ሲያስቀምጡ ሚዛኑ የተያዘው በንጉሡ ፈቃድ ብቻ ነበር። ማን ምን ያስተምራል፣ የትኛው ትምህርት ነው፣ የትኛው ስብከት ነው የሚል የታወቀ ወሰን አልነበረም። ወሰን የሌለው ግንኙነት ደግሞ የፖለቲካ ነፋስ ሲነፍስ መጀመሪያ የሚወድቅ እርሱ ነው።

4. ሐረር፦ የመንዙ ሰው ምርጫ

አሁን ወደ ንግግሬ እምብርት ደረስሁ። ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል በ1852 የተወለዱ የሸዋ ሰው ናቸው። አባታቸው ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል የመንዝ ባላባት፣ እናታቸው ወይዘሮ ተናኘወርቅ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ናቸው። በ14 ዓመታቸው ገደማ ወደ ምኒልክ ቤት ገብተው አደጉ። እንግዲህ ማስያስ በቤተ መንግሥቱ ሲመላለሱ መኮንን ወጣት ባለሟል ነበሩ፤ የመጣውንም የሄደውንም በዓይናቸው አይተዋል ማለት ነው።

ምኒልክ በ1887 ሐረርን ሲይዙ መኮንንን ሾሙባት። በዚያች ከተማ የማስያስ ተከታይ የሆኑት የካፑቺን አባቶች ከ1881 ጀምሮ ተቀምጠዋል፤ ወላጅ ያጡና ከባርነት ነጻ የወጡ ልጆችን ሰብስበው ያስተምራሉ። መኮንን በ1889 የመልእክተኞች አለቃ ሆነው ጣልያን ሄደዋል፤ በዐድዋ ዘመቻ ጣልያንን ተዋግተዋል። አውሮፓ ምን እንደምታውቅም ምን እንደምትፈልግም ያወቁ ሰው ናቸው።

የሚያስተምሩት ልጅ ነበራቸው። ተፈሪ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ኤጀርሳ ጎሮ ተወለደ፤ እናቱ ወይዘሮ የሺእመቤት ገና በጨቅላነቱ ዐረፉ። አባትየው ያደረጉትን በቅደም ተከተሉ እንየው። መጀመሪያ ልጁ እንደ ማንኛውም የሸዋ መኳንንት ልጅ በአማርኛና በግዕዝ ንባብና ጽሕፈት፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተቀረጸ። ቀጥሎ የፈረንሳይኛ መምህር ተፈለገለት። ከጓዴሎፕ ደሴት የመጡት ሐኪሙ ዶክተር ቪታሊየን አስተማሩት። በኋላም በካቶሊክ ሚሲዮን የተማሩት ኢትዮጵያዊ ካህን አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን መምህሩ ሆኑ፤ ከ1900 ጀምሮ የሐረር ካቶሊክ ጳጳስ የነበሩት አባ እንድርያስ ዣሮሶም የቤቱ ወዳጅ ነበሩ። አብሮ አደጉ እምሩ ኃይለ ሥላሴም አብሮት ተማረ።

እስቲ ይህን ምርጫ ከአንኮበሩና ከልቼው ጋር እናስተያየው። ሣህለ ሥላሴ ሙያውን ሲፈልጉ መምህሩን አልፈለጉም። ምኒልክ መምህሩን ሲያስቀምጡ ወሰን አላበጁለትም። መኮንን ሦስት ነገር አደረጉ። አንደኛ፣ የቤቱን ትምህርት አስቀደሙ፤ ልጁ ወደ ፈረንሳይኛው የሄደው ባዶውን አይደለም። ሁለተኛ፣ ልጁን ወደ ሚሲዮኑ አልላኩትም፤ መምህሩን ወደ ቤታቸው አመጡት። ሦስተኛ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ይህ ነው፦ ሰውየውን መረጡ። አባ ሳሙኤል ካቶሊክ ናቸው፤ ግን የሀገሩን ቋንቋ፣ ጨዋነትና ባህል የሚያውቁ ሐበሻ ናቸው። ልጁ የተማረው የፈረንጅ ቋንቋ ነው፤ የተማረበት ጠባይ ግን የሀገር ቤት ነበር።

ራስ መኮንን መጋቢት 1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ታመው ቁልቢ ላይ ዐረፉ። ተፈሪ ገና 13 ዓመቱ ነበር። የአባ ሳሙኤልና የደቀ መዝሙራቸው ወዳጅነት ግን አልተቋረጠም፤ ካህኑ በ1915 በሐሮማያ ሐይቅ ጀልባ ሰጥማ እስኪሞቱ ድረስ ቆየ። በዚያች ጀልባ ተፈሪም ነበሩ፤ ተረፉ። በኋላ ዘመን፣ በስደት እንግሊዝ ሀገር ሳሉ ማጻፍ በጀመሩት «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ላይ መምህራቸውን በታላቅ አክብሮት ያነሧቸዋል። ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። አባት ለልጁ መምህር ሲመርጥ፣ ከእርሱ ኋላ በልጁ ሕይወት የሚቀረውን ሰው እየመረጠ ነው።

5. አዲስ አበባ፦ ከግል ብልኅነት ወደ መንግሥት ውል

ራስ መኮንን ለአንድ ልጅ ያደረጉትን መንግሥት ለብዙ ልጆች ሊያደርገው ሲነሣ ጥያቄው እንደገና ተነሣ። በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ቋንቋና ሳይንስ ማን ያስተምር የሚለው ከቤተ ክህነት ጋር አከራከረ። የተገኘው መካከለኛ መንገድ በአቡነ ማቴዎስ በኩል ከግብፅ የመጡ ቅብጦች እንዲያስተምሩ ነው፤ ዕውቀቱ ዘመናዊ፣ መምህሩ የእምነት ወንድም። አባቱ የሞተበት ተፈሪም ከተማሪዎቹ አንዱ ሆነ።

የበለጠ የሚያስደንቀው ግን 1945 ነው። ከአምስቱ ዓመት ወረራ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1925 ራሳቸው ያቋቋሙትን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት እንዲመሩ የጠሩት ማንን ነበር? ኢየሱሳውያንን። ፋሲለደስ ያባረሯቸውን ማኅበር፣ ከ300 ዓመት በኋላ፣ የፋሲለደስ ዙፋን ወራሽ በገዛ እጃቸው ጠሯቸው። የጠሯቸው ግን ከሮም አይደለም፤ በአፍሪካ አንድም ቅኝ ግዛት ከሌላት ከካናዳ፣ ከፈረንሳይኛ ተናጋሪው ኩቤክ ነው። ሁለት ነገርም አስገቧቸው፦ ስለ ሃይማኖታቸው እንዳይሰብኩ፣ የክህነት ልብሳቸውንም አውልቀው እንደ ማንኛውም መምህር ለብሰው እንዲያስተምሩ። የቡድኑ አለቃ ሉሲየን ማት በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ዛሬ እኔና እናንተ የምንቆምበት የከፍተኛ ትምህርት ቤት ወግ አንዱ ሥሩ እዚያ ነው።

እኔ እንደማነበው ይህ ውል የሐረሩ ልጅ ያየውን የአባቱን ሥርዓት ወደ መንግሥት ደረጃ ማሳደጉ ነው። የአንኮበር ጥንቃቄ አለበት፤ የልቼ ድፍረት አለበት፤ ሁለቱም ያጡት የተነገረ ወሰን ተጨምሮበታል።

ከዚያ በኋላ በላሳል ወንድሞች የሚመራው ቅዱስ ዮሴፍ፣ የልጃገረዶቹ ናዝሬት፣ ልደታ ካቴድራልና ሌሎችም የኦርቶዶክሱም የሙስሊሙም ልጅ የሚማርባቸው ቤቶች ሆኑ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከሀገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ እነዚህ ትምህርት ቤቶች የቆሙት በእምነታቸው ተከታዮች ቁጥር አይደለም፤ በወላጅ አመኔታ ነው። ዛሬ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል፤ ሥርዓተ ትምህርቱም የሀገሪቱ ነው። በ1945 የተነገረው ወሰን አሁን ሕግ ሆኗል።

6. ያልተጠየቀው ሰው

እንግዲህ ወደ ቡናው ልመለስ። ይህን ሁሉ አጥንቼ ለአባ መልስ ይዤ ሄድሁ። «ትምህርቱን ልቀበልላት ነው፤ ልጅቱን አልሰጥም» አልኋቸው። የራስ መኮንንንም ቅደም ተከተል ነገርኋቸው። አባ ፈገግ ብለው «እርሳቸው መምህሩን ወደ ቤት አመጡ፤ አንተ ልጅቱን ከቤት ልታወጣ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ራስ መኮንን ያላቸው አቅም እኔ የለኝም። የመንዝ ገበሬ ደግሞ እኔ ያለኝ እንኳ የለውም፤ ይህን ምርጫ ስንነጋገር ምርጫው ጨርሶ የማይደርሰው ስንት ወላጅ እንዳለ መርሳት ነውር ነው። የነገርኋችሁ ታሪክ በአመዛኙ የመኳንንት ታሪክ ነው፤ ለብዙኃኑ ልጅ መልሱ ደጁ ላይ ያለ ጥሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንጂ ሌላ አይሆንም።

በእኛ ቤት ግን ውሳኔው ተወሰነ። በቤተሰብ ሦስት ነገር ተስማማን፦ ጾሟን እንድትጠብቅ፣ እሑድ ከአክስቷ ጋር ቤተ ክርስቲያን እንድትሳለም፣ የዕረፍት ጊዜዋን ደብረ ብርሃን እንድታሳልፍ። እኔም ታሪኩን እንደዛሬው በኩራት ተረክሁላት። ልጄ ጨርሳ ሰማችኝና አንድ ነገር ጠየቀች፦ «አባዬ፣ ራስ መኮንን ልጃቸውን ጠይቀውት ነበር?»

ከ25 ዓመት በላይ አስተምሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም። ስለ አባትየው፣ ስለ ጳጳሱ፣ ስለ ካህኑ ተናገርሁ፤ ስለ ልጁ የተናገርሁት ሁሉ የተደረገለትን ነው። እናቴን ጠይቄአለሁ፣ ባለቤቴን ጠይቄአለሁ፣ የነፍስ አባቴን ጠይቄአለሁ፤ የምትሄደዋን ግን አልጠየቅሁም። ያን ቀን ጠየቅኋት። እሄዳለሁ አለች፤ አራተኛውን ውል ግን ራሷ ጨመረች፦ «ልመለስ ያልሁ ቀን ለምን ሳትለኝ መጥተህ ትወስደኛለህ።»

አሁን 10ኛ ክፍል ናት። ሃይማኖቷ አልተነካም፤ እናቴም ይህን ካየች ወዲህ «የጣልያን» ማለቱን ትታለች። የተጎዳው ሌላ ነው። መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት ሦስተኛው ውላችን ፈርሷል፤ አንድ ፋሲካ ያለ እርሷ ጾም ፈትተናል። ስለ እምነቷ ስንሟገት ስለ ርቀቱ ብዙም አልተነጋገርንም ነበር። ታሪክ የሚያስፈራውን ይነግረናል፤ የሚናፍቀውን ግን አልነገረኝም።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ ወላጅ ትሆናላችሁ፤ ከእናንተም ብዙዎቹ መምህራን ትሆናላችሁ። «ካቶሊክ ነው ወይስ አይደለም?» በሚለው ጥያቄ ላይ አትቁሙ። ልጁ ከቤት ምን ይዞ ይሄዳል? የሚያስተምረው ሰው ማን ነው? ወሰኑ በግልጽ ተነግሯልን? ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህን ሦስቱን ከአባቶቻችን ተምሬአለሁ። አራተኛውን፣ ልጁን ጠይቁት የሚለውን፣ የተማርሁት ከልጄ ነው። እርሷ በአራተኛው ውል እስካሁን አልተጠቀመችበትም፤ እኔ ግን ስልኬን ሌሊት አልዘጋም።